የሚፋመው ክር

«ሞቅ ያለ ድምፅ» የሚለው ሐረግ ለእኛ ለማርኬቲንግ ሰዎች እንደ ጨው ነው፤ የማንጨምርበት ወጥ የለም። ሳሎናችሁ ውስጥ ብርጭቆዎቹ እየፈኩ ሙዚቃ የሚያጫውት ባለ ቫኩም ቲዩብ አምፕሊፋየር ለማስገባት ካሰባችሁ ግን፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ፍካቱ ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ። በአንዳንድ ርካሽ ዕቃዎች ከቲዩቡ ሥር የተደበቀች ትንሽ ኤልኢዲ ናት የምታበራው፤ ለዓይን እንጂ ለጆሮ አትፈይድም። በአንዳንዶቹ ደግሞ የሚያበራው ክር ራሱ ነው ሥራውን የሚሠራው።

ቫኩም ቲዩብ አየሩ ተመጥጦ የወጣለት ብርጭቆ ነው። ውስጡ ያለው ብረት ሲግል ኤሌክትሮኖች ይተፋል፤ ከፍተኛ ፖዘቲቭ ቮልቴጅ ያለው ሌላ ብረት ደግሞ ይስባቸዋል። በመሀል ግሪድ የሚባል ወንፊት መሰል ሽቦ አለ። ደካማው የሙዚቃ ሲግናል እዚያ ላይ ሲያርፍ ትልቁን ፍሰት አንዴ ያፍነዋል፣ አንዴ ይለቀዋል። ማጉላት የሚባለው ይኸው ነው። ግሪዱን የጨመረው አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1906።

አሁን የኤሌክትሪክ ምጣዳችሁን አስቡ። የሚግለው ሽቦ ከሸክላው ሥር ነው፤ እንጀራውን የሚያበስለው ግን ሸክላው ነው። አብዛኞቹ ቲዩቦች እንዲህ ናቸው፦ ማሞቂያው ክር የሸፈነውን ቀጭን የብረት ቱቦ ያግለዋል፣ ኤሌክትሮን የሚተፋው ቱቦው ነው። በቀጥታ የሚሞቁት ሸክላ የላቸውም። የሚፋመው ክር ራሱ ይተፋል።

ከእነዚህ ዝነኛው ዌስተርን ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ1938 ያወጣው 300ቢ ነው። ክሩ በ5 ቮልት 1.2 አምፔር ይወስዳል፤ ለማሞቂያ ብቻ 6 ዋት ማለት ነው። ፍካቱ ደብዘዝ ያለ ብርቱካናማ ነው። 845 የሚባለው ግን እንደ አምፖል ቦግ ይላል፤ ክሩ ቶሪየም የገባበት ተንግስተን ስለሆነ የበለጠ መጋል አለበት። ስለዚህ በድምቀት አትፍረዱ።

ሸክላ አለመኖሩ ዋጋ ያስከፍላል። የግድግዳችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ምጣዱ ይህ አይታወቀውም፤ ክሩ ግን የድምፁ መንገድ አካል ስለሆነ ምልልሱ ከሙዚቃው ጋር ይቀላቀልና «እምምም» የሚል ጉምጉምታ ይሆናል። አንዳንድ ሠሪዎች የክሩን ሁለት ጫፎች የምታመዛዝን ትንሽ ማዞሪያ ያስገባሉ፤ ሌሎቹ ክሩን በቀጥተኛ ኤሌክትሪክ፣ በዲሲ፣ ያሞቁታል። ሱቅ ውስጥ ሙዚቃውን አስቁማችሁ ሶፋ በሚቀመጥበት ርቀት ላይ ቁሙ። ጉምጉምታው እዚያ ድረስ ከተሰማ፣ ሻጩ ምንም ቢላችሁ ተዉት።

ታዲያ ሰው ለምን ይታገሰዋል? እነዚህ ቲዩቦች ብቻቸውን ሲሠሩ በድምፁ ላይ በብዛት የሚጨምሩት ያንኑ ኖታ አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርገው ነው። ጆሮ ይህን እንደ ስህተት አይቆጥረውም፤ ድምፁ የወፈረ ይመስለዋል። በእኔ ግምት «ሞቅ ያለ» የሚባለው አብዛኛው ይህ ነው። ከፍካቱ ጋር ዝምድና የለውም።

ብዙ ቤተሰብ የሚከስረው ስፒከሩ ላይ ይመስለኛል። አንድ 300ቢ ብቻውን ሲሠራ የሚሰጠው 8 ዋት ገደማ ነው። በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 95 ዴሲቤል ለሚሰጥ ስፒከር ይህ ለሳሎን ይበቃል። ስፒከራችሁ 85 ዴሲቤል የሚሰጥ ከሆነ ግን ያንኑ ድምፅ ለማግኘት አሥር እጥፍ፣ 80 ዋት፣ ያስፈልገዋል። ቁጥሩ ከስፒከሩ ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ ስለሚጻፍ አምፕሊፋየሩን ከመምረጣችሁ በፊት እሱን አንብቡ።

ልጆች ላሉበት ቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ክሩ የተወጠረ ሽቦ ስለሆነ ሲነቀነቅ ይርገበገባል፤ ልጃችሁ ከጎኑ ሲዘል ስፒከሩ እንደ ቃጭል ሊያቃጭል ይችላል። ይህስ ያስቃል። ብርጭቆው ግን ትንሽ ጣት ያቃጥላል፣ በውስጥ ደግሞ ከ300 ቮልት በላይ አለ፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ኃይሉን ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ ክዳኑን ከባለሙያ በቀር ማንም አይክፈተው። የብረት መከለያውን ለውበት ብላችሁ አታንሱት፤ ከነመከለያው ልጅ የማይደርስበት ጠንካራ መደርደሪያ ላይ፣ ከመጋረጃ አርቃችሁ አስቀምጡት።