ሁለት ጊዜ እሳት የሚያየው ብስኩት

ብስኩት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በወረቀት ተጠቅልሎ ከሱቅ የሚገዛውን ነው። የቃሉ ጥንተ ነገር ግን ከላቲን የመጣ ሆኖ «ሁለት ጊዜ የበሰለ» ማለት ነው፤ ኢጣልያኖች በለውዝ የሚሠሩት ቢስኮቲም እስከ ዛሬ ድረስ ስሙን በተግባር ይዞ ይገኛል። ይሁን እንጂ በቤቱ ሊጋግረው የሚነሣ ወጣት «ጥርስ ይሰብራል» ብሎ በመፍራት የገበታ ቅቤ ይጨምርበታል፤ ሁለተኛውንም መጋገር ያሳጥረዋል። ይህ በእኔ አስተያየት ቢስኮቲን ማሻሻል ሳይሆን ትቶት ሌላ ኬክ መሥራት ነው።

በቶስካና ግዛት፣ በፕራቶ ከተማ፣ አንቶኒዮ ማቴይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1858 የከፈተው ሱቅ ዛሬም ይሠራል፤ በ1867 በፓሪስ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽንም ብስኩቱ ምስጋና አግኝቷል። የሚገባበት ዱቄት፣ ስኳር፣ እንቁላል፣ ለውዝና የጥድ ፍሬ ነው። ቅቤም ሆነ እርሾ የለበትም።

እንግዲህ ድርቀቱ ጉድለት ሳይሆን የተሠራበት ዓላማ ነው። ውሃው የወጣለት ምግብ ቶሎ አይሻግትም፤ እናቶቻችን እንጀራን በፀሐይ አድርቀው ድርቆሽ የሚያደርጉትም ለዚሁ ነው። በሚገባ የደረቀ ቢስኮቲ በተከደነ ቆርቆሮ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል፤ ቅቤ የበዛበት ግን ውሎ ሲያድር ሽታው ይለወጣል፣ ሻይ ውስጥ ሲገባም ይፈርሳል። አንድ ክፍል ተከራይቶ በደመወዙ ለሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ፣ ወይም ለፈተና ሲያጠና ለሚያመሽ ተማሪ፣ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ጥርሱን ለሚፈራ ደግሞ መድኃኒቱ መንከር ነው፤ የቶስካና ሰዎች ቪን ሳንቶ በሚሉት ጣፋጭ ወይን ይነክሩታል፣ ለእኛ ሻይ ይበቃናል። (እንቁላል ስላለበት ለጾም አይሆንም፤ ግን እስኪፈታ መጠበቅ የሚችል ነው።)

ለመጀመሪያ ሙከራ 250 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 150 ግራም ስኳር፣ 2 እንቁላል፣ 120 ግራም ለውዝና ቁንጥር ጨው ይበቃል። ለውዝ ስል በየመንገዱ የሚዞረውን ኦቾሎኒ ማለቴ ሳይሆን የአሮን በትር ያፈራችውን፣ ዛሬ ሱቆች «አልሞንድ» የሚሉትን ነው። ዋጋው የከበደው ሰው ጨው ያልነካው የተቆላ ኦቾሎኒ ቢያደርግ አልቃወምም፤ ጣዕሙ ሌላ ቢሆንም አሠራሩ ያው ነው። ቤኪንግ ፓውደር የሚጨምሩ አሉ፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ ግን ሊጡን ከልክ በላይ ስለሚያስነሣው ቢቀር ይሻላል።

ሊጡ በሁለት ረዣዥም ድብልብል ተደርጎ በ180 ዲግሪ ለ25 ደቂቃ ያህል ይጋገራል። ከዚያ ወጥቶ ሩብ ሰዓት ያህል ይረፍ። በትኩሱ የቆረጡት ይፈረፈራል፤ ፈጽሞ የቀዘቀዘውም ለውዙ ጋ ሲደርስ ይሰነጠቃል። ጥርስ ባለው የዳቦ ቢላዋ በሰያፍ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል እየተቆረጠ እንደ ገና ወደ ኦቨን ይመለሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለተኛው እሳት ውሃ ለማውጣት እንጂ ለማጥቆር ስላልሆነ ወደ 150 ዲግሪ ወርዶ በያንዳንዱ ጎን 10 ደቂቃ ያህል ሊቆይ ይገባል።

ሲወጣ መሐሉ ገና ለስለስ ያለ ቢመስል መደንገጥ አያስፈልግም፤ የሚጠነክረው ሲቀዘቅዝ ነው። ቸኩሎ በትኩሱ ቆርቆሮ ውስጥ የከደነው ሰው ግን በማግሥቱ የራሱ እንፋሎት አለስልሶት ያገኘዋል።