የአገር ውስጥ በረራ እና የመንገደኛው አማራጭ

ወደ መቐለ የሚደረገው መደበኛ በረራ ለአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ተቋርጦ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲቀጥል፣ ተለያይተው የቆዩ ቤተሰቦች በአውሮፕላን ማረፊያው በእንባ ተገናኝተዋል። የአገር ውስጥ በረራ የቅንጦት አገልግሎት ብቻ አለመሆኑን ያን ዕለት ያላስተዋለ አልነበረም። ይሁን እንጂ መደበኛውን የመንገደኞች በረራ በዋናነት የሚያከናውነው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲሆን፣ የግል ድርጅቶች ይበልጥ የተሰማሩት በአነስተኛ አውሮፕላኖች በሚሰጥ የኪራይ በረራ ነው። በመሆኑም በረራ ሲሰረዝ መንገደኛው ፊቱን የሚያዞርበት ሌላ ተቋም እምብዛም የለም። ነዳጅና መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ ስለሚገዛ፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ መወሰኑ በአገልግሎቱ ወጪ ላይ ጫና ማሳደሩ አይቀርም። ሕመምተኛ ይዞ ከጋምቤላ ወይም ከጅግጅጋ ወደ አዲስ አበባ ለሚመጣ ቤተሰብ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።