የጋዝ ንድፈ ሐሳብ ታሳቢዎች ከነወሰናቸው ይሰጡ

የጋዞች ካይኔቲክ ንድፈ ሐሳብ ትምህርት ዘወትር የሚጀመረው በታሳቢዎች ዝርዝር ነው። ጋዝ እጅግ ብዙ ሞለኪውሎች አሉት፤ ሞለኪውሎቹ ያለ ማቋረጥ በየአቅጣጫው ይንቀሳቀሳሉ፤ የራሳቸው ይዘት ከያዛቸው ዕቃ ይዘት አንጻር ከቁጥር አይገባም፤ እርስ በርስ አይሳሳቡም፤ ሲጋጩም ጠቅላላ የእንቅስቃሴ ጉልበታቸው አይጎድልም። ተማሪው ዝርዝሩን እንደ ጸሎት በቃሉ ያጠናል፤ በፈተናም ይመልሰዋል። እያንዳንዱ ታሳቢ እስከ የት እንደሚሠራ ግን እምብዛም አይነገረውም። ይህ ጉድለት መታረም አለበት የሚል እምነት አለኝ።

ዱከምን ለምሳሌ እንውሰድ። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት 80 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው፤ በመማሪያ መጻሕፍት የተለመደው 101 ኪሎፓስካል የባሕር ወለል ግፊት ነው። በ20 ዲግሪ ሴልሽየስ ቢሰላ፣ በዱከም አየር ውስጥ በጎረቤት ሞለኪውሎች መካከል ያለው ርቀት በአማካይ 3.7 ናኖሜትር ይሆናል፤ ይህም የአንድ ሞለኪውል ስፋት ዐሥር እጥፍ ያህል ነው። ሞለኪውሎቹ የሚይዙት ይዘት ከጠቅላላው 0.05 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ የይዘቱ ታሳቢ እዚህ በሚገባ ይሠራል።

በ150 ባር በተሞላ የብየዳ ኦክስጅን ሲሊንደር ውስጥ ግን ያው ርቀት ወደ 0.65 ናኖሜትር ይወርዳል፤ የሞለኪውሉን ስፋት እጥፍ እንኳ አይሞላም። በየማድ ቤቱ ያለው የቡታ ጋዝ ሲሊንደር ደግሞ ሌላውን ታሳቢ ያፈርሳል። ሞለኪውሎች ባይሳሳቡ ኖሮ ጋዙ በሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽ ሊሆን አይችልም ነበር። ፈሳሹ እስካላለቀ፣ ሙቀቱም እስካልተለወጠ ድረስ ግፊቱ ብዙም አይቀንስም። ስለዚህ የቀረውን መጠን በግፊት መለኪያ ለማወቅ የሚሞክር ይሳሳታል፤ እውነቱን የሚነግረው ሚዛን ነው።

የንድፈ ሐሳቡ ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። ክላውሲየስ በ1857 እ.ኤ.አ. ንድፈ ሐሳቡን ባቀረበ ጊዜ፣ ባይስ ባሎት የተባለ ምሁር ሞለኪውሎች በሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር የሚጓዙ ከሆነ ጢስ በጸጥተኛ ክፍል ውስጥ ለምን ረግቶ ይቆያል ሲል ጠየቀ። ክላውሲየስ በ1858 የሰጠው መልስ፣ ሞለኪውሎች ትንሽ ቢሆኑም ስፋት ስላላቸው ደጋግመው ይጋጫሉ የሚል ነበር፤ በዱከም አየር አንድ ሞለኪውል ከግጭት እስከ ግጭት የሚጓዘው በአማካይ 80 ናኖሜትር ያህል ነው። ቫን ደር ቫልስም በ1873 ለላይደን ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ የሞለኪውሎችን ይዘትና መሳሳብ በስሌት አስገባ፤ በ1910 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ከዚህ የተሻለ አርአያ አይገኝም።

ይህን ሁሉ ማስተማር ጀማሪውን ያደናግራል፣ ጊዜም ይሻማል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ይሁን እንጂ ከላይ የቀረቡት ስሌቶች ከአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያልፉ አይደሉም። ከየታሳቢው ጎን ወሰኑ ይጻፍ፤ ስሌቱ በተማሪው ከተማ የአየር ግፊት ይሠራ፤ ፈተናውም «ታሳቢዎቹን ዘርዝር» ከሚል ይልቅ «በዚህ ሲሊንደር ውስጥ የትኛው ታሳቢ ይፈርሳል?» ብሎ ይጠይቅ። ወሰኑን የማያውቅ ተማሪ ቀመሩን ቢያስታውስም መቼ ሊያምነው እንደሚገባ አያውቅም።