ወረቀቱን ገልብጡት!

ድሬዎች! ከከዚራ እስከ መጋላ፣ ከሳቢያን እስከ ገንደ ቆሬ፣ በቤታችሁ ፕሪንተር ያላችሁ፣ ልጅ የምታስተምሩ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍታችሁ የምትሠሩ ሁሉ፣ ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው። ከዚህ በኋላ በከተማችን የሚታተም የትምህርት ጽሑፍ ሁሉ ፊትና ጀርባ ይሁን። አንድ ቆጣቢ ወላጅ ብቻውን የሚያደርገው ነገር አይሁን፤ መምህሩም የሚቀበለው፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱም ሳይጠየቅ የሚሠራው የድሬ ልማድ ይሁን።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ክፍል ሲገባ የመጽሐፍ እጥረቱ ምን እንዳደረገን አንረሳውም። ብዙ ቤት የገባው መጽሐፍ ሳይሆን በቴሌግራም የተላከ ፒዲኤፍ ነበር። አንዱ ስልክ ለሦስት ልጅ አይበቃም፤ ስለዚህ ወላጅ ፍላሹን ይዞ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዳል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ወረቀትና ቀለም ኪስ እንዴት እንደሚያራቁት የከፈለ ያውቀዋል። ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር በደጃችን ስላለፈ ወረቀቱ አልረከሰልንም።

እስቲ አብረን እናስላ። ባለ 80 ግራም ኤ4 ወረቀት አንዱ ቅጠል 5 ግራም ይመዝናል። ባለ 200 ገጽ መጽሐፍ በአንድ ወገን ብቻ ሲታተም ሙሉ 1 ኪሎ ወረቀት ይበላል፤ ፊትና ጀርባ ሲሆን ግማሽ ኪሎ። 40 ተማሪዎች ላሉበት ክፍል ቁጠሩት፤ 16 ደስጣ ይፈልግ የነበረው በ8 ደስጣ ያልቃል። ይህ ለአንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ነው። ቀለሙ እንደማይቀንስ ግን እንተማመን፤ ፊደሉ ያው ነው። የሚተርፈው ወረቀቱ ነው፤ እሱም ትንሽ አይደለም።

«ሞክረነው ነበር፤ ቀለሙ ወደ ጀርባ ያልፋል፣ አይነበብም» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። እውነታችሁን ነው። ጥፋቱ ግን ወረቀቱን በመገልበጣችሁ አልመጣም፤ የመጣው ከቀለሙ ነው። ይህን ሳናውቅ ነው ብዙዎቻችን ተስፋ ቆርጠን ወደ አንድ ወገን የተመለስነው።

የቤት ፕሪንተር ፈሳሽ ቀለም በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው፤ ዳይ እና ፒግመንት። ዳይ ሻይ ውስጥ እንደገባ ስኳር በውሃው ውስጥ ሟሙቷል። ውሃው ወደሄደበት ይሄዳል፤ ወደ ወረቀቱ ሆድ ጠልቆ ይገባል፣ በፊደሉ ዳር ይዘረጋል፣ ወረቀቱ ስስ ከሆነም ጀርባ ላይ ይወጣል። የላብ ጣት ሲነካው ይለቃል፤ በድሬ ሙቀት ላብ የሌለው የተማሪ ጣት ደግሞ ከየት ይመጣል? ፒግመንት ግን ያልሟሟ ደቃቅ ብናኝ ነው። ውሃው ሲጠልቅ ብናኙ ከላይ ይቀራል። ፊደሉ ይጠቁራል፣ ዳሩ ይጠራል፣ ጀርባው ንጹሕ ይሆናል፤ ከደረቀ በኋላ ውሃ ቢነካው እንኳ አይሸሽም።

ስለዚህ የቤታችሁን ፕሪንተር ማንነት እወቁ። በየቤቱ የገቡት ኤፕሰን ኤል 3110 እና ኤል 3250 ጥቁራቸውም ዳይ ነው። የካኖን ጂ 2010 እና ጂ 3010 ጥቁር ግን ፒግመንት ነው፤ ሌሎቹ ሦስት ቀለሞች ዳይ ናቸው። ኤፕሰን ኤል 4260 ጥቁሩ ፒግመንት ከመሆኑም በላይ ወረቀቱን ራሱ ይገለብጣል። አዲስ ለመግዛት የተነሣችሁ ካላችሁ፣ ዋጋውን ብቻ ጠይቃችሁ አትውጡ፤ «ጥቁሩ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ለፎቶ ዳይ ያምራል፤ ለሚነበብ ጽሑፍ ግን ፒግመንት ጥቁርን የሚያህል የለም።

ይህ ቀለም ለእኛ እንግዳ እንዳይመስላችሁ። የአባቶቻችን የብራና ጥቁር ቀለም መሠረቱ ጥላሸት ነበር፤ ካርቦን ማለት ነው። የዛሬው ፒግመንት ጥቁርም ካርቦን ነው። ብራናውም ፊትና ጀርባ ይጻፍበት ነበር። በአንድ ወገን ብቻ የሚጻፈው ክታብ ነው፤ እኛ ግን የልጆቻችንን ሒሳብና ሳይንስ እንደ ክታብ ስናሳትም እንኖራለን! ድሬም ብትሆን የኅትመት አገር ናት። የግእዝ ሊቁ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መጻሕፍት ያሳተሙበት የአልዓዛር ማተሚያ ቤት የነበረው እዚሁ ነው።

ፒግመንትም ዐመል አለው። ከወረቀቱ ላይ ስለሚቀመጥ ሳይደርቅ ከተገለበጠ ሮለሩ ይጎትተዋል፣ ገጹም ይጨማለቃል። አንዳንድ የካኖን ሞዴሎች ራሳቸው ሲገለብጡ ፒግመንቱን ትተው ጥቁሩን ከዳይ ቀለሞች የሚሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። ፊደሉ ፈዞ ከወጣባችሁ ማሽኑ ተበላሸ አትበሉ፤ በእጃችሁ ገልብጡ።

ለማድረቁ ደግሞ ከድሬ የተሻለ ከተማ ከየት ይገኛል? ሱቆቻችን በቀትር ይዘጋሉ። ከምሳ በፊት ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ገጾች ይታተሙ። ወረቀቱም እንደ ባለቤቱ ቀትሩን ይረፍ። እርጥቡ ወረቀት ስለሚጠቀለልና ማሽኑ ውስጥ ስለሚነክስ ላዩ ሲደርቅ ወፍራም መጽሐፍ ይጫንበት። ከሰዓት በኋላ ሱቁ ሲከፈት ሙሉ ቁጥር ያላቸው ገጾች በጀርባው ይታተሙ። የመገልበጫው አቅጣጫ ከማሽን ማሽን ስለሚለያይ አስቀድሞ በአራት ገጽ ብቻ ይሞከር፤ የሰው ደስጣ አበላሽቶ ይቅርታ መጠየቅ ያሳፍራል። ዳይ ብቻ ያላችሁም አትቀሩ። ባለ 70 ግራሙን ትታችሁ ባለ 80 ግራም ወረቀት ተጠቀሙ፣ የኅትመት ጥራቱን ከ«ከፍተኛ» ወደ «መደበኛ» አውርዱት። ፎቶና ሥዕል የሞላበት ገጽ ካልሆነ በቀር በደንብ ይነበባል።

የማንታገሠው ግን አለ። ቀለም መቀላቀል! «ሁሉም ቀለም አንድ ነው» ብሎ የሚሸጥ ሰው ሲያጋጥማችሁ ኧረ አቦ ተዉን በሉት። ለዳይ በተሠራ ታንክ ፒግመንት ከተጨመረ ብናኙ ቀለም የሚረጨውን የፕሪንተሩን ጭንቅላት ቀዳዳ ይደፍናል፤ ማሽኑም እንደዋዛ ይሞታል። ለቲሸርትና ለኩባያ ማተሚያ የሚሸጠው የሰብሊሜሽን ቀለምም ጠርሙሱ ይመሳሰላልና ጽሑፉን ሳታነቡ አትግዙ። ደግሞም ይህ ደረቅ አየራችን ወረቀቱን እንደሚያደርቅ ሁሉ ጭንቅላቱንም ያደርቃል። በሳምንት አንድ ጊዜ ባለ ቀለም ገጽ አትሙ። ማሽኑን ሶኬት ነቅላችሁ አታጥፉት፤ በራሱ ቁልፍ ሲጠፋ ነው ጭንቅላቱ ወደ ክዳኑ የሚመለሰው። መብራት በድንገት ሄዶ ከነበረም ሲመጣ አብርታችሁ በቁልፉ አጥፉት።

መምህራን፣ መነሻው በእጃችሁ ነው። «በአንድ ገጽ ብቻ» የሚለው ትእዛዝ ከአሳይመንት ላይ ይነሣ። እርማት የሚጻፍበት ቦታ ከፈለጋችሁ ኅዳጉን አስፉት፤ የወረቀቱን ግማሽ ባዶ ማስቀረት ለእርማት አይጠቅምም። ይህን በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምሩ ብትጀምሩት ሁለተኛ ደረጃው ይከተላል።

የፎቶ ኮፒ ቤት ልጆች፣ ዋጋው በገጽ ሲሆን ደንበኛው ለመገልበጥ ምን ያነሣሣዋል? አንድ ቅጠል ወረቀት ተርፏችሁ ሁለት ቅጠል ማስከፈል ልክ አይደለም። የፊትና ጀርባውን ዋጋ ለይታችሁ፣ አሳንሳችሁ፣ በር ላይ ለጥፉት። አንዱ ብቻውን ቢቀንስ ሊፈራ ይችላል፤ በአንድ መንገድ ላይ ያላችሁ ተመካክራችሁ በአንድ ቀን ብትጀምሩት ግን ማንም አይጎዳም።

ወላጆችስ? ዕድር አለን፣ አፎሻ አለን። ለሐዘንና ለደስታ ገንዘብ ማዋጣት የሚያውቅ ሰፈር ለልጆቹ ትምህርት ወረቀት በካርቶን፣ ትክክለኛ ቀለምም በጋራ መግዛት አያቅተውም። በየሰፈሩ ፒግመንት ጥቁር ያለው አንድ ፕሪንተር ተመርጦ የተማሪ ጽሑፍ በሱ ይታተም፤ የዳይ ማሽን ያለው ጎረቤት ፎቶውንና ሥዕሉን ይውሰድ። የትምህርት ቤታችሁ የወላጅ ኮሚቴ በሚቀጥለው ስብሰባው ይህን አጀንዳ ይያዝ። ማንም ካላነሣው እናንተ አንሡት።

እስከዚያው የሚቀጥለውን ፒዲኤፍ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ስትልኩ ከፋይሉ ሥር እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ፊትና ጀርባ ይሁን፤ ጥቁሩም ፒግመንት።»