የታብ ትንሹ ስፋት ስንት ይሁን?

ብሮውዘር ላይ አሥር ሃያ ገጽ ከፍቶ የሚሠራ ሰው ከላይ ያለው መስመር ሲጣበብበት ያያል። አዲስ ገጽ በተከፈተ ቁጥር የቀደሙት ታቦች ይኮማተራሉ። እስከ የት ድረስ ይኮማተሩ የሚለው ጥያቄ ከሩቅ ሲያዩት ጥቃቅን ነገር ይመስላል፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ለሚውል ሰው ግን ዓይኑም እጁም በየጊዜው የሚያገኘው ጉዳይ ነው። በዚህ ላይ ሁለት ጎራ አለ። አንዱ «ይጥበብ፤ ግን ሁሉም ይታየኝ» ይላል፤ ሌላው «ጥቂቱ ይታይ፤ ግን ርዕሱ ይነበብ» ይላል። ሁለቱም በልምድ ላይ የቆመ ምክንያት ስላላቸው ፈርዶ ለማለፍ መቸኮል ተገቢ አይመስለኝም።

ልዩነቱ በታወቁት ብሮውዘሮች አሠራር ላይም ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ክሮም በተለመደው አሠራሩ ታቦቹን እያጠበበ አንድ መስመር ላይ ሊያቆያቸው ይሞክራል፤ መጀመሪያ ርዕሱ ይጠፋል፣ ከዚያ የድረ ገጹ ትንሽ ምልክት ብቻ ይቀራል። ፋየርፎክስ ደግሞ በ2006 ከወጣው ሁለተኛ እትሙ ጀምሮ ዝቅተኛ ስፋት ወስኖ፣ ከዚያ የተረፈውን ወደ ጎን በስክሮል እንዲታይ ያደርጋል። ልኩ ለብዙ ዓመታት 100 ፒክስል ነበር። በ2017 57ኛው እትም ሲዘጋጅ ወደ 50 ለማውረድ ተሞክሮ ተጠቃሚው ተከፋፈለ፤ በመጨረሻ 76 ላይ ረጋ።

የጠባቡን ወገን ክርክር በቁጥር ማየት ይቻላል። ብዙ ላፕቶፖች ላይ በሚገኘው 1366 ፒክስል ስፋት ባለው ስክሪን፣ አዝራሮቹ የሚወስዱትን ቦታ ባንቆጥር፣ በ100 ፒክስል ልክ 13 ታብ፣ በ76 ልክ 17፣ በ50 ልክ ደግሞ 27 ይታያል። ከ13 እና ከ27 የትኛው እንደሚሻል ሥራ ለሚበዛበት ሰው ግልጽ ሊሆን ይችላል። ከብዛቱ በላይ ደግሞ የቦታ ትዝታ የሚባል ነገር አለ፤ ሰው የሚፈልገውን ገጽ በርዕሱ ሳይሆን «ከግራ ሦስተኛው» ብሎ ያስታውሰዋል። መስመሩ ወደ ጎን መንሸራተት ሲጀምር ይህ ትዝታ ይዛባል፤ ከስክሪኑ ጫፍ ያለፈ ታብም በአብዛኛው ይረሳል።

የሚከፈለው ዋጋ ግን ቀላል አይደለም። ከአንድ ድረ ገጽ አምስት ሰነድ የከፈተ ሰው በጠባቡ ልክ አምስት ተመሳሳይ ምልክት ያያል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ማውዙን እያንዳንዱ ላይ ማሳረፍ አለበት። ሁሉም ታብ እየታየ የሚፈለገው የማይታወቅ ከሆነ፣ መታየቱ ምን ያህል እንደጠቀመ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሌላው የእጅ ጉዳይ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፖል ፊትስ በ1954 እንዳሳየው የሚነካው ነገር ባነሰ ቁጥር በትክክል ለመንካት የሚወስደው ጊዜ ይጨምራል፤ እጁ ለሚንቀጠቀጥ ወይም በጣቱ ስክሪን ለሚነካ ሰው ይህ ይከብዳል። ሆኖም ማጋነን አያስፈልግም። በ2023 የወጣው የድር ተደራሽነት መመሪያ ለድረ ገጾች የሚጠይቀው ዝቅተኛ የመንኪያ ስፋት 24 ፒክስል ነው፤ ጥብቅ በሚለው ደረጃ 44። ስለዚህ 50 ፒክስል በዚህ ሚዛን አይወድቅም፤ ችግሩ በዋናነት የመንካት ሳይሆን የመለየት ነው።

ሰፊውን የሚመርጡት የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ርዕሱ ይነበብ። አማርኛ ለምናነብ ሰዎች ጉዳዩ ሌላም ፈርጅ አለው። ግሳችን ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይመጣል። «የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ጨመረ» እና «የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ቀነሰ» የሚሉ ሁለት ርዕሶች ጫፋቸው ሲቆረጥ አንድ ይሆናሉ፤ የተለያዩበት ቃል ነው የተደበቀው። በሌላ በኩል አንዱ ፊደላችን ተነባቢውንም አናባቢውንም ስለሚይዝ ጥቂት ፊደል ብዙ ይሸከማል። እንዲያም ሆኖ የሰፊው ወገን ክርክር እዚህ ላይ ራሱን ይፈትናል፤ ምልክቱ 16 ፒክስል ከወሰደ፣ ግራና ቀኙም ባዶ ቦታ ከፈለገ፣ በ100 ፒክስል ውስጥ የሚተርፈው የጥቂት ፊደላት ቦታ ነው። ግሱ ድረስ ለማንበብ 200ም ላይበቃ ይችላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ በላፕቶፑ ላይ የሚታየው ስድስት ታብ ብቻ ይሆናል።

ስክሮል የማድረጉን ድካም የሚያቃልሉ መንገዶች መኖራቸውም መነሳት አለበት። ፋየርፎክስ የተከፈቱትን ሁሉ ከነርዕሳቸው የሚዘረዝር አዝራር አለው፤ አድራሻው ቦታ ላይ የፐርሰንት ምልክትና ክፍት ቦታ አስቀድሞ መጻፍም የተከፈቱ ታቦችን ብቻ ይፈልጋል። ክሮምም የታብ መፈለጊያ ጨምሯል። ግን የፈለገውን በዓይኑ ቃኝቶ ለማግኘት የለመደን ሰው ጻፍና ፈልግ ማለት ልማዱን እንዲለውጥ መጠየቅ ነው።

ምርጫውን ለተጠቃሚው መተው ሁሉንም ያስማማል የሚሉ አሉ፤ እኔም ወደዚያው አዘነብላለሁ። የሠሪዎቹን ስጋት ግን ማቃለል አይገባም፤ እያንዳንዱ የሚቀየር ቁጥር በየእትሙ የሚሞከርና የሚጠገን ተጨማሪ ሥራ ነው። ፋየርፎክስ ራሱ ይህን ምርጫ በ2011 በአራተኛው እትም አስወግዶት ነበር፤ የፈለጉት ሰዎች ግን የመልክ ፋይሉን በእጃቸው እያረሙ ስፋቱን ይቀይሩ ነበር። ፍላጎቱ እንዳልጠፋ የሚያሳይ ይመስለኛል። በ2017 የተመለሰው ምርጫ የሚገኘው በተራው ሴቲንግ ውስጥ ሳይሆን አባውት ኮንፊግ በሚባለው ገጽ ላይ ነው፤ ከ50 በታች ቢጻፍም አይቀበልም። ለማያውቀው ሰው የተሰወረ ቢሆንም፣ ሳያስበው የሚያበላሸውን ሰው የሚከላከል አቀማመጥ ነው።

ለመነሻ 76 አካባቢ ያለው ልክ ምክንያታዊ ነው እላለሁ፤ ምልክቱ ይታያል፣ የርዕሱ መጀመሪያም ፍንጭ ይሰጣል። 1920 ፒክስል ስክሪን ያለው ሰው 100 ቢያደርገው 19 ታብ ያህል ይታየዋል፤ የሚያጣው ብዙ አይደለም። በትንሽ ላፕቶፕ ከተለያዩ ድረ ገጾች ሃያ ገጽ የሚከፍት ሰው ወደ 60 ቢወርድ ምልክቶቹ ስለሚለያዩ አይቸገርም። ሃምሳና ከዚያ በላይ ለሚከፍት ግን የትኛውም ቁጥር መፍትሔ ላይሆን ይችላል። ለእሱ ምናልባት በኤጅ ብሮውዘር በ2021፣ በፋየርፎክስ ደግሞ በ2025 የመጣው ታቦችን በጎን ከላይ ወደ ታች የመደርደር አሠራር ይሻለው ይሆናል። ርዕሱ ይነበባል፤ በጠባብ ስክሪን ላይ ግን የሚነበበው ገጽ ራሱ ስፋቱን ያጣል።