ለቤተ መዘክር የሚሰጥ መባና የወጣቶች የጥበብ ትምህርት

ባለጸጋ ለቤተ መዘክር ገንዘብ ሲለግስ አብዛኛውን ጊዜ ልቡ የሚያዘነብለው ዓይን ወደሚያየው ነገር፣ ወደ አዲስ አዳራሽ፣ ስሙ በእብነ በረድ ወደሚቀረጽበት ግድግዳ፣ ወይም በውድ ዋጋ ወደሚገዛ ጥንታዊ ሥዕል ነው፤ ይህም የሚነቀፍ አይደለም፣ ቅርሱ ካልተጠበቀ መጪው ትውልድ በምን ይማራልና። ይሁን እንጂ ሥዕሉ ተሰቅሎ ሳለ፣ ልጁን ከትምህርት ቤቱ የሚያመጣው አውቶቡስ፣ ፊት ለፊቱ ቆሞ ምሥጢሩን የሚያስረዳው መምህር፣ ያየውንም ወዲያው የሚሞክርበት ወረቀትና ቀለም ካልተገኘ፣ የልግስናው እኩሌታ ገና አልተፈጸመም ብዬ አምናለሁ።

በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት፣ በቶሊዶ ከተማ ያለው የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ነገሩን በግልጽ ያሳያል። የመስተዋት ፋብሪካ ባለቤት የነበረው ኤድዋርድ ሊቢና ሚስቱ ፍሎረንስ እ.ኤ.አ. በ1901 ካቋቋሙት በኋላ፣ ሊቢ በ1925 ሲያርፍ ብዙ ሀብት በኑዛዜ ስለ ተወለት፣ ከዚያ በሚገኘው ገቢ ሥዕል ይገዛበታል፣ ሥራውም ይካሄድበታል፤ መግቢያውም በነጻ በመሆኑ የወዛደሩ ልጅ ከባለጸጋው ልጅ ጋራ በአንድ በር ይገባል። ቤተ መዘክሩ ሕፃናትን ሥዕል ማስተማር የጀመረው ገና በማለዳ ዕድሜው ነው። በ1962 ደግሞ ሃርቪ ሊትልተን የተባለ የጥበብ መምህር በዚሁ ግቢ በአንዲት ጋራዥ እቶን አቁሞ መስተዋትን በትንፋሽ የመቅረጽ ሙያ አስተማረ፤ ከዚያ የተነሣው ጥበብም በዓለም ተዳረሰ።

እንደ ሊቢ ኑዛዜ ዋናው ሀብት ሳይነካ በገቢው ብቻ የሚሠራበት ሥርዓት ለአገራችን ባዕድ አይደለም። ቀደምት ነገሥታትና መሳፍንት ደብር ሲደብሩ ሕንጻውን አንጸው ብቻ አይሄዱም ነበርና፤ ካህናቱ የሚተዳደሩበት፣ መሪጌታውም ዜማና ቅኔ እያስተማረ የሚኖርበት መሬት ይተክሉለት ነበር።

ከቤተ መዘክር ጋራ የተያያዘ የጥበብ ትምህርት ፍሬም እስከ እኛ ደርሷል። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ሥዕልን የተማረው በቺካጎ፣ ከከተማይቱ ታላቅ ቤተ መዘክር ጋራ በአንድ ተቋም ሥር በቆመው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነበር፤ ወደ አገሩም ተመልሶ በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን መሠረተ፤ ከዚያም ወዲህ ስንት ሠዓሊ፣ ስንት ቀራፂ ከዚያ ወጣ!

በአዲስ አበባ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክርም የልግስና ታሪክ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1968 የተመሠረተው የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር ገንዘብ እያሰባሰበ፣ ለባዕድ ሊሸጡ ይችሉ የነበሩ ጥንታውያን ሥዕላትንና መስቀሎችን ገዝቶ ለቤተ መዘክሩ አስረክቧል። ያን ያደረጉ ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል፤ አሁን የቀረው እነዚያን ሥዕላት ከመርካቶና ከአቃቂ ልጆች ዓይን ጋራ ማገናኘት ነው።

ሕሙማንና ርኁባን ሳሉ ለሥዕል መመጽወት ቅንጦት ነው የሚል አይጠፋም። ስለ ድኾች መቈርቈሩን አከብራለሁ፤ ነገር ግን የድኻው ልጅ እንጀራ ብቻ ይበቃዋል ማለት፣ ማየትንና መፍጠርን ለባለጸጋ ልጅ ብቻ መተው ነው፤ ይህንን ፍርድ ልቤ አይቀበለውም።

ስለዚህ በአገር ውስጥ ያሉ ነጋዴዎችና ባንኮች፣ በዋሺንግተንና በሌላም ከተማ የሚኖሩ የወገን ማኅበራት፣ ለቤተ መዘክር ከሚሰጡት ገንዘብ ከፊሉን በባንክ አስቀምጠው፣ ከዓመት ዓመት በሚገኘው ወለድ አንድ ቋሚ የሥዕል መምህር እንዲቀጠር፣ ቅዳሜ ቅዳሜም የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ለሚመጡበት አውቶቡስ እንዲከፈል በሰነዱ ላይ በስም ለይተው ይጻፉት።