ቫይኪንጎች፣ አዱሊስና የነፋስ እውቀት

ጉለሌ ውስጥ «ጳውሎስ» ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ሆስፒታሉን ነው፤ ሪፈር ይዞ ከክፍለ ሀገር የመጣውን ታካሚ፣ በር ላይ ምሳ ዕቃ ይዞ የሚጠብቀውን አስታማሚ፣ «ጳውሎስ፣ ጳውሎስ» እያለ የሚጣራውን የታክሲ ረዳት። የስሙ ባለቤት የሆነው ሐዋርያ ከጥንቱ ዓለም በዝርዝር ከተረፉልን የባሕር ጉዞ ታሪኮች በአንዱ ውስጥ መኖሩ ግን እምብዛም አይወሳም።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን አንድ ጊዜ በመርከበኛ ዓይን እናንብበው። ጳውሎስ የጾሙ ወቅት በማለፉ ጉዞው አደጋ እንዳለበት አስቀድሞ ይናገራል፤ ሰሚ አያገኝም። አውራቂስ የተባለው ነፋስ መርከቡን ከቀርጤስ ዳርቻ ነጥቆ ይወስደዋል። ፀሐይም ከዋክብትም ለብዙ ቀን ሳይታዩ ሲቀሩ ሁሉም ተስፋ ይቆርጣል። በ14ኛው ቀን እኩለ ሌሊት ላይ መርከበኞቹ ምድር እንደቀረበ ይጠረጥራሉ። መለኪያ ገመድ ጥለው ሲያዩ ጥልቀቱ በዛሬ ስሌት ወደ 37 ሜትር ይሆናል፤ ጥቂት ሄደው ሲደግሙት ወደ 28 ሜትር ወርዷል። ወዲያው ከመርከቡ በስተኋላ አራት መልሕቅ ይጥላሉ። 276ቱም ሰዎች ተርፈው መላጥያ ደሴት ላይ ወጡ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ኮምፓስ የለም። ያለው ወቅትን፣ ሰማይንና የባሕርን ወለል የማንበብ እውቀት ነው።

ስለ ቫይኪንጎች የባሕር ጉዞ የሚደረገው ክርክር ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋው ይህንን ነው። እነዚህ የሰሜን አውሮፓ ባሕረኞች በ9ኛውና በ10ኛው መቶ ዘመን አይስላንድና ግሪንላንድ ላይ ሰፈሩ። ካናዳ ውስጥ፣ ኒውፋውንድላንድ ላይ፣ በሰፈሩበት ቦታ የተገኘ እንጨት በ1021 እ.ኤ.አ. እንደተቆረጠ ከዛፉ ቀለበቶች ታውቋል። ታዲያ መንገዱን እንዴት አገኙት? በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ቶርኪልድ ራምስኩ የተባለ ዴንማርካዊ አርኪዮሎጂስት፣ በድሮ ትረካዎች የተጠቀሰው «የፀሐይ ድንጋይ» ፀሐይ በደመና ስትሸፈን እንኳ ያለችበትን አቅጣጫ የሚያሳይ ክሪስታል ሳይሆን አይቀርም አለ። ሐሳቡ ዓለምን ማረከ። ነገር ግን ከቫይኪንግ መርከቦች ፍርስራሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ድንጋይ አልተገኘም። በ1948 እ.ኤ.አ. ግሪንላንድ ውስጥ የተገኘውን ግማሽ የእንጨት ክብም አንዳንዶች የፀሐይ ኮምፓስ ነው ሲሉ ሌሎች አይቀበሉትም።

ለእኔ ከድንጋዩ ይልቅ የሚያሳምነኝ ሃውክስቦክ በተባለው የአይስላንድ መጽሐፍ የሰፈረው የጉዞ መመሪያ ነው። ከኖርዌይ ወደ ግሪንላንድ የሚሄድ ሰው ሼትላንድን በጠራ ቀን ብቻ እንድትታይ አድርጎ በሰሜኗ ይለፍ፤ የፋሮ ደሴቶችን ደግሞ ባሕሩ ተራሮቹን እስከ ወገባቸው የሸፈነ መስሎ እስኪታይ ድረስ ርቆ በደቡብ ይለፍ፤ ከአይስላንድ በስተደቡብ ሲደርስም ከዚያ የሚመጡ ወፎችንና ዓሣ ነባሪዎችን እያየ ይሂድ ይላል። መሬት ሳይታይ መሬት በወፍ ይታወቃል ማለት ነው። አይስላንድን ፈልጎ የሄደው ፍሎኪም ሦስት ቁራዎች ይዞ እንደነበርና የሦስተኛውን በረራ ተከትሎ እንደደረሰ ይተረካል።

ይህን ይዘን ወደ ራሳችን ባሕር እንመለስ። አዱሊስ ዛሬ በኤርትራ፣ ከምፅዋ በስተደቡብ፣ በዙላ ባሕረ ሰላጤ አጠገብ ያለች ፍርስራሽ ናት። የአክሱም መንግሥት ዋና ወደብ እዚያ የቆመው ለምንድን ነው? ለአክሱም ቅርብ ስለሆነ ነው የሚለው መልስ ግማሹን ብቻ ይነግረናል። ሌላው ግማሽ ነፋስ ነው። በቀይ ባሕር ሰሜናዊ አጋማሽ ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ከሰሜን ወደ ደቡብ ይነፍሳል። ደቡባዊው አጋማሽ ግን ፀባዩ ይቀያየራል፤ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ገደማ ነፋሱ ከባብ ኤል መንደብ ወደ ሰሜን ይገፋል፤ በክረምት ይገለበጣል። በበጋ ከህንድ የሚመለስ መርከብ ባብ ኤል መንደብን ካለፈ በኋላ እስከ አዱሊስ ነፋስ ከጀርባው አለ፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ብዙም ሳይርቅ ግን ነፋስ በፊቱ ይቆማል። ከግብፅ የሚወርደው ደግሞ በክረምት እስከ ደቡቡ ጫፍ ይነዳል። አዱሊስ የቆመችው ሁለቱ ነፋሶች ከሚገናኙበት ብዙም ሳይርቅ ነው።

በመጀመሪያው መቶ ዘመን ባልታወቀ ነጋዴ በግሪክኛ የተጻፈው «የኤርትራ ባሕር ፔሪፕለስ» መርከቦች ከግብፅ ወደ ህንድ የሚነሱት በሐምሌ እንደሆነ ይናገራል። ሐምሌ 5 ጴጥሮስ ወጳውሎስን በዝናብ ስናከብር፣ ከአናታችን ያለው ደመናና እነዚያን መርከቦች ወደ ምሥራቅ የወሰደው ነፋስ የአንድ ክረምት ሥራ ናቸው።

በ6ኛው መቶ ዘመን አዱሊስ የደረሰው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ጽፏል። በህንድ ውቅያኖስ ላይ ሲጓዙ ከጭልፊት እጥፍ የሚበልጡ ወፎች በብዛት በስተቀኝ ታዩ፤ አየሩም ተረበሸ። ልምድ ያላቸው መርከበኞችና ተሳፋሪዎች ወደ ታላቁ ውቅያኖስ አፍ መቅረባቸውን አውቀው መሪውን ወደ ግራ እንዲያዞር ጮኹበት። ከሃውክስቦክ ስምንት መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ፣ በእኛው ባሕር፣ ያው እውቀት ሲሠራ እናያለን። የዚያው ዘመን ጸሐፊ ፕሮኮፒየስም ሁለት ነገር ያክላል። አንደኛ፣ የቀይ ባሕር መርከቦች በሚስማር ሳይሆን በገመድ የተሰፉ ነበሩ፤ ምክንያቱ ብረት የሚስብ ዐለት ነው የሚለውን ወሬም አይቀበልም። ሁለተኛ፣ ወደ አክሱም ምድር የሚደረገው ማቋረጥ አምስት ቀንና አምስት ሌሊት ይፈጃል፤ በሰሜኑ ክፍል ጥልቀት የሌለው ዐለታማ ውኃ ስላለ በሌሊት አይሄዱም፤ በዚህ ግን ይሄዳሉ። የት በሌሊት መሄድ እንደሚቻልና የት እንደማይቻል የሚያውቅ ሰው ነበር ማለት ነው።

እኛ ግን ስለዚያ ሰው አናስተምርም። የአፄ ካሌብን የ525 እ.ኤ.አ. የየመን ዘመቻ ስንተርክ የንጉሡን ስምና የመርከቦቹን ብዛት እንጠቅሳለን። የናግራን ሰማዕታትን ገድል በግሪክኛ የጻፈው ደራሲ ከልዩ ልዩ ወደቦች የተሰበሰቡ 60 የንግድ መርከቦችንና ንጉሡ ያሠራቸውን 10 ይቆጥራል። ከዚህ ተነስተው አክሱማውያን የሰው መርከብ ተከራዮች እንጂ ባሕረኞች አልነበሩም የሚሉ አሉ። አልስማማም። መርከብ ከሌላ ወደብ ሊመጣ ይችላል፤ ዐሥሩ ግን እዚያው ተሠርተዋል። ሶቆጥራ ደሴት ላይ፣ ሆቅ በተባለው ዋሻ ውስጥ፣ ከህንዳውያን ጽሑፎች መካከል የአክሱም ፊደልም ተጭሮ ተገኝቷል፤ ያን የጻፈው ሰው በነፋስ ተጉዞ የደረሰ ነው። የአክሱም ኃይል በባሕር ላይ የቆመው ከመርከብ ብዛት ይልቅ በወቅት እውቀት ላይ ነበር ብዬ የምከራከረውም ለዚህ ነው። እውቀቱም የአዱሊስ፣ የዳህላክ፣ የየመንና የህንድ ሰዎች የጋራ ሀብት ነበር።

ስካንዲኔቪያውያን ጥያቄያቸውን በወረቀት ብቻ አልተዉትም። በ1893 እ.ኤ.አ. የጥንት መርከባቸውን አምሳያ ሠርተው አትላንቲክን አቋረጡ፤ በ2007 እ.ኤ.አ. በሌላ አምሳያ ከዴንማርክ እስከ ደብሊን ተጓዙ። ተጓዡ ቲም ሰቨሪንም በ1980 እ.ኤ.አ. በኮኮናት ገመድ በተሰፋ መርከብ ከኦማን ተነስቶ ቻይና ደርሷል። ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. «ራ» የተባለችውን ጀልባ የሠራው በማን ደንገል ነው? ከጣና ሐይቅ በተቆረጠ ደንገል። እኛ ግን ደንገሉን ሰጠን እንጂ ጥያቄውን የራሳችን አላደረግነውም።

የአዲስ አበባና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የታሪክና የአርኪዮሎጂ ክፍሎች አንድ ሥራ ይጀምሩ። ከጣና ታንኳ ሠሪዎችና ቀዛፊዎች የሐይቁን ነፋስ እውቀት ይመዝግቡ፤ ከኤርትራና ከየመን ምሁራን ጋር ተባብረው በገመድ የተሰፋ የቀይ ባሕር መርከብ አምሳያ ይሥሩ፤ በየመማሪያ መጽሐፉም ከካሌብ ስም አጠገብ የቀይ ባሕርን የነፋስ ካርታ ያስቀምጡ።